መጨረሻውን የሚያውቀው ጠራዥ

በማተሚያ ቤቱ ጥረዛ ክፍል ውስጥ ሰውዬውን በስሙ የሚጠራው የለም። ሁሉም "መርማሪው" ነው የሚሉት። ይህ ቅጽል ስም የወጣለት አንድም ነገር መርምሮ ስላገኘ አይደለም፤ ግንባሩ ላይ የሰቀለውን መነጽር ግማሽ ሰዓት የሚፈልግ ሰው ነው። የወንጀል ልብወለድ ስለሚወድ ነው። መውደድ ብቻ ማለትም ያንሳል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ በዚያ ክፍል ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል፣ በእጁ ያለፈው መርዝና ገመድ ቢደመር አንድ መንደር ያጠፋል።

ስለ አነባበቡ አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ጉዱ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነውና። መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ሆኖ አይወለድም። በትልልቅ ወረቀት ይታተማል፣ ወረቀቱ ይታጠፍና አሥራ ስድስት ገጽ ይሆናል፤ ይህን እነሱ "እጥፍ" ይሉታል። አንድ ልብወለድ አሥራ አምስት ወይም አሥራ ስድስት እጥፍ ነው። የማተሚያው ክፍል ሰዎች ደግሞ ከመጨረሻው እጥፍ ነው የሚጀምሩት፤ መጨረሻው ላይ ባዶ ገጾች ስለሚኖሩ የቀለሙን ልክ ለመሞከር ይመቻቸዋል። ስለዚህ ጥረዛ ክፍል ቀድሞ የሚደርሰው የመጽሐፉ መጨረሻ ነው። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ሲሰበሰብም መጨረሻው ከታች ይቀመጥና መጀመሪያው ከላይ ይጫናል። መርማሪው በምሳ ሰዓት ከተበላሹት ወረቀቶች አንድ አንድ ይዞ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ሰኞ ገዳዩን ያውቃል። ማክሰኞና ረቡዕ ገዳዩ ሲሸሽ ያነባል። ሰውዬው የሚገደለው ሐሙስ ወይም ዓርብ ነው።

እንዲህ ሆኖ በሃያ ስድስት ዓመት አንድም የወንጀል ልብወለድ ከፊት ወደ ኋላ አንብቦ አያውቅም። ይህ ጉድለት መሆኑም አልገባውም። እንዲያውም ይኮራበታል። "ሌላው ሰው ማን ገደለው እያለ ሲዳክር፣ እኔ ደራሲው እንዴት አድርጎ እንደደበቀው ነው የማየው" ይላል። ጠረጴዛው ዙሪያ ቆመው እጥፍ የሚሰበስቡት አምስት ሴቶችም ምሳቸውን እየበሉ ያዳምጡታል። ድምፁ ያምራል፤ የሟቹንም የፖሊሱንም አነጋገር ለይቶ ያወጣል።

ቤቱም ያው ነው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። እሑድ እሑድ የሰፋችውን ስትተኩስ እሱ አጠገቧ ተቀምጦ የሳምንቱን መጽሐፍ ይተርክላታል። "የዛሬውን የገደለው የገዛ ወንድሙ ነው" ብሎ ይጀምራል። እሷም "ወይ ጉድ" ትልና ካውያዋን ትገፋለች። ከተጋቡ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ እሱ ገዳዩን ይነግራታል፣ እሷ "ወይ ጉድ" ትላለች፣ ሸሚዙ ተተኩሶ ይታጠፋል።

በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ደራሲ እየጋበዘ ያስነብባል። መርማሪው ቀርቶ አያውቅም። ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ይቀመጣል፣ የጠረዘውን መጽሐፍ ጉልበቱ ላይ ያደርጋል፣ ጥያቄ አይጠይቅም። ሲያልቅ ተሰልፎ ያስፈርማል። ሲያስፈርም ግን ጣቶቹን ይደብቃል፤ ሙጫው ጥፍሩ ሥር ገብቶ ከቀረ ዘመናት ሆኖታል፣ ሳሙናም አይደፍረውም። አንድ ጊዜ አንድ ስመ ጥር ደራሲ እየፈረመለት "ሥራዎ ምንድን ነው?" ቢለው "ቢሮ ነኝ" አለ። ምን ቢሮ እንደሆነ እግዜር ይወቀው። ደራሲውም ቀና ሳይል "ለቢሮው ወዳጄ" ብሎ ጻፈለት። ያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው የቆመው።

ከሁሉም የሚያስበልጣት አንዲት ደራሲ ነበረች። አርባዎቹ ውስጥ ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ ስታነብ እጇን አታወናጭፍም። ሦስቱንም መጽሐፎቿን የጠረዘው እሱ ነው። "ይቺ ሴት ሰው ስትገድል ደም አይታይም" ይላል፣ ከዚህ የበለጠ ሙገሳ የለውም። አራተኛው መጽሐፏ ሲመጣ ገዳይዋ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛዋ እንደሆነች ሰኞ አወቀ። ዓርብ የመጀመሪያው እጥፍ ደረሰ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ይቺው ሴት ከእንግዶቹ ጋር እየተጫወተች ብርጭቆ ታጥባለች። ለካ የምታጥበው መርዙን የቀላቀለችበትን ነው፤ ሰው ሁሉ ፊት፣ አንባቢውም ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ። መርማሪው ወረቀቱን አስቀመጠ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርታ ማንም ሳያይላት ሊቀር ነው ብሎ አዘነላት። አንድ ሰው ሊነግራት ይገባል አለ። ሙጫ የሚቀባ ሰውም ማንበብ እንደሚችል እግረ መንገዷን ትወቅ።

የመጽሐፉ ምረቃ ዕለት ሚስቱን ይዞ ወደ አዳራሹ ሄደ። እሷ ወደዚያ ስትሄድ የመጀመሪያዋ ነው፤ "ዛሬ እናገራለሁ" ስላላት አዲስ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳ መጣች። በሩ አጠገብ መጽሐፉ ተከምሯል፣ ሰዉ ሲገባና ሲወጣ እንዲገዛ። ፊተኛው ረድፍ ላይ የማተሚያ ቤቱ ሥራ አስኪያጅ እግሩን አጣምሮ ተቀምጧል። ደራሲዋ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አነበበች። እንግዶቹ ተሰናብተው ሲወጡ፣ ሽማግሌው ነጋዴ ወንበሩ ላይ እንዳንቀላፋ ሳይነቃ ሲቀር፣ እዚያ ላይ መጽሐፉን ከደነችው። አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ውጦ ነበር። መድረክ መሪው "ጥያቄ ያለው?" ሲል ማንም እጁን አላወጣም። መርማሪው ተነሳ።

"ጥያቄ ሳይሆን አድናቆት ነው" አለ። የምሳ ሰዓቱ ድምፅ መጣለት። "አሁን ባነበቡልን ውስጥ መድኃኒት ቤት የምትሠራዋ ሴት ብርጭቆ ስታጥብ ሰምተናል። እየሳቀች፣ እያወራች ነው የምታጥበው፤ እኛ አፏን ስናይ እጇ ያልፈናል። የገደለችው እሷ ናት እኮ። የምታጥበውም የመርዙን ብርጭቆ ነው። ዓይናችን ሥር አጠበችው። በበኩሌ እንዲህ ያለ አደባበቅ አይቼ አላውቅም።"

ጭብጨባ ነበር የጠበቀው። አንድም እጅ አልተነሳም። ከኋላ አንዲት ሴት "ኧረ ሰውዬው ምን ነካው?" አለች። ሌላው "ተገላገልን፣ የመጽሐፉ ዋጋ ተረፈልን" ብሎ ሰዉን አሳቀ። ሲገባ ገዝቶ የያዘ አንድ ጎልማሳ ደግሞ ተነሳና በሩ አጠገብ ክምሩ ላይ መለሰው። ጠርዙን ከሌሎቹ ጋር አስተካክሎ አስቀመጠውና ወጣ። ከሳቁ ይልቅ መርማሪውን አንጀቱን የቆረጠው ይሄ ነው።

ደራሲዋ አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለው። "መጽሐፉ እኮ ገና ዛሬ ነው የወጣው" አለች ቀስ ብላ። "እርስዎ የት አነበቡት?"

"የጠረዝኩት እኔ ነኝ" አለ።

ሥራ አስኪያጁ ከፊት ዞሮ አየው። መርማሪው ቁጭ ልበል ሲል ወንበሩ ታጥፎ ኖሮ ሊወድቅ ነበር፤ ሚስቱ ያዘችው። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እጆቹን ብብቱ ሥር ከተታቸውና እስከ መጨረሻው አንገቱን እንደደፋ ቀረ፤ ያስፈርማል ብሎ ያመጣውንም መጽሐፍ ወንበሩ ሥር ረስቶት ወጣ።

ወደ ቤት ሲሄዱ ሁለት መንገድ አቋረጡ። የጀመረው እሱ ነው።

"ማድነቄ አይደል ታዲያ? ነገ ገዝተው ያነቡት የለ?"

"አያነቡትም።"

"ለምን?"

"ነገርካቸዋ።"

"ላንቺስ ስንቱን ነግሬሻለሁ? አንድ ቀን እንኳ ቅር ብሎሽ ያውቃል?"

ቆመች። የቀሚሷን አንገት አስተካከለች። "እኔ ለምጄሃለሁ" አለችው። "እነሱ አልለመዱህም።"

ክፋት አልነበረበትም፣ እንደ ዋዛ ያለችው ነው። እሱ ግን ያን ቃል ይዞት ተኛ፣ ይዞት ተነሳ።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ አስጠራው። ላም እሳት ወለደች፣ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንዲሉ ሆኖበት ነበር። እንዳያባርረው እንደ እሱ የሚጠርዝ ሰው የለውም፤ ዝም እንዳይለው ደራሲዋ በስልክ ያለችውን ብላለች። "ከእንግዲህ ምን ብዬ ነው የማምንህ?" አለው። "ሰው ምስጢሩን እኛ ዘንድ አስቀምጦ ነው የሚሄደው። የሐኪም ቤት ካርድ በለው።" መርማሪው መሬት መሬቱን እያየ "ጥፋተኛ ነኝ" አለ።

ቅጣቱ በእሱ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በዚያው ዕለት ጥረዛ ክፍል ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ በሥራም ሆነ በዕረፍት ሰዓት በመታተም ላይ ያለ ወረቀት ማንበብ ክልክል ነው ይላል። አምስቱ ሴቶች የሚተርክላቸው ሳይኖር ምሳቸውን በሉ። ከመካከላቸው ረጅሟ "እኛስ ምን አጠፋን?" አለች፣ ሳህኗን እያየች። ወረቀት መቁረጫው ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ምላጩን እየወለወሉ "አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል" አሉ፣ እሳቸውም ወደ እሱ ሳያዩ። መርማሪው የሚለው ቅጽልም ከዚያ ቀን ወዲህ ቀረ። ሲፈልጉት "ስማ" ይሉታል።

ይቅርታ ለመጠየቅ አልሰነፈም። ለደራሲዋ ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ከመጨረሻው ጀመረ። "ይቅርታ ያድርጉልኝ" ብሎ ከወረቀቱ ግርጌ ጻፈ፣ ከዚያ በላይ ያለውን ባዶ በምን እንደሚሞላው ጠፋው። አራት ወረቀት አበላሽቶ ተወው። በሚቀጥለው ወር ወደ ንባቡ አዳራሽ ሄደ፤ ገና ደረጃው ላይ ሳለ አንዱ "ጆሯችሁን ያዙ፣ ሰውዬው መጣ" አለ። ሰዉ ሳቀ። እሱም የረሳው ነገር እንዳለ ሁሉ ኪሱን እየዳበሰ ተመለሰ። በዚያ በኩል ማለፍ እንኳ ተወ፤ እንጀራ ፍለጋ ሲወጣም ዙሪያ ጥምጥም የሆነውን መንገድ መረጠ።

ማንበቡንም ተወው። እሑድ ሚስቱ ስትተኩስ አጠገቧ ይቀመጣል፣ ግን ካውያው ብቻ ነው የሚሰማው። አንድ ቀን "የዚህ ሳምንቱን ማን ገደለው?" አለችው፣ ልታጫውተው ብላ። "እንጃ፣ አላነበብኩም" አላት። እሷም ሸሚዙን አገላብጣ መተኮሷን ቀጠለች።

ዓመት ሊሞላ ሲል የደራሲዋ አምስተኛ መጽሐፍ መጣ። አብሮት ደግሞ ውል መጣ። የመጨረሻው እጥፍ እዚህ አይታተምም፤ ሌላ ቦታ አሳትማ ራሷ ታመጣዋለች። ወሬው ጥረዛ ክፍል ደረሰ። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ወረቀት ያልጠፋበት ክፍል እንደ ሌባ ተቆጠረ። መርማሪው ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ሄዶ "ይህን መጽሐፍ እኔ አልንካው፣ ሌላ ሥራ ስጠኝ" ቢል "ቅዳሜ ይደርሳል ብዬ ፈርሜያለሁ፤ ሂድና ሥራህን ሥራ" ተባለ።

አሥራ አምስቱ እጥፎች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው መጨረሻቸውን ሲጠብቁ፣ ሐሙስ ጠዋት ደራሲዋ በጥቁር ወረቀት የታሸጉ ጥቅሎች በጋሪ አስገፍታ ገባች። ሴቶቹ እጃቸውን ማንቀሳቀስ ተዉ። መርማሪው ሙጫ ማሞቂያው ኋላ ሊሰወር ፈልጎ ነበር፣ ግን ማሞቂያው ከወገቡ አያልፍም።

"ጋሼ፣ እርስዎን ነው የምፈልገው" አለችው።

ወጣ። "ባለፈው ላጠፋሁት..." ብሎ ጀመረና ቀረበት። እጁን ብብቱ ሥር ሊከት ሲል ጥቅሉን አስታቀፈችው።

"ያን ብርጭቆ ያየልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት" አለች። "እስከ ዛሬ ሌላ ሰው አላነሳልኝም። የእኔ እናት እንኳ አላየችውም።"

ቀና አለ። አንድ አፍታ ደስ ሊለው ነበር።

"ግን ያዩት አውቀውት ነው" አለችው። "አውቆ ማየት ምን ያስቸግራል? እኔ ሁለት ዓመት የለፋሁት የማያውቅ ሰው እንዲያየው ነበር። ዘንድሮ እርስዎ ሳያውቁ ያንብቡልኝ። ካዩ ይንገሩኝ።" ከዚያ ለማንም ሰላምታ ሳትጨምር ወጣች።

ስድብ ቢሆን ይቀለው ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያፍርበትን ነገር በትክክል የነገረው ሰው እሷ ናት። ሲኮራበት የኖረው ዕውቀት ቀድሞ ከመድረስ በቀር ምንም አልነበረም።

እጥፍ ሲሰበሰብ የመጨረሻው ነው ከታች የሚቀመጠው፤ ስለዚህ ጥቅሉን ፈትቶ መጀመሪያ መደርደር ያለበት እሱ ነው። ሦስት ሺህ ቅጂ ነበር። ፊቱን ወደ ግድግዳው ማስታወቂያ አዞረና በዳሰሳ ይደረድር ጀመር፤ ጠርዙን በአውራ ጣቱ እየለካ፣ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከትቶ። ሴቶቹ መጀመሪያ በዓይናቸው ተጠቃቀሱ። አንድ ሰዓት ያህል ሲቆይ ረጅሟ አልቻለችም።

"ኧረ መርማሪው፣ አንገትህ እንደዚያው ተጣሞ ይቀርብሃል።"

"ይቅር።"

"አንድ ቃል እንኳ አላየህም?"

"አላየሁም።"

"እኔ ልይልህና ልንገርህ?"

"ሥራሽን ሥሪ" አላት፣ እና አምስቱም ሳቁ። ቅጽሉ እንደተመለሰለት ያወቀው ወደ ቤት ሲሄድ ነው።

ቅዳሜ አዳራሹ ሄደ። ሦስተኛው ረድፍ አልደፈረም፤ በሩ አጠገብ ቆመ፣ ሁለት ሦስት ሰዎችም አውቀውት ራቅ አሉ። ደራሲዋ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስታነብ አንድ የማያውቀው ስሜት ተሰማው። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ይገባል፣ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ መርማሪውም አያውቅም። ጥያቄ ያለው ሲባል ከንፈሩን ነክሶ ቆመ። ከዚያ እንደማንኛውም ሰው ገዛ፣ ተሰለፈ፣ እጁን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ዘረጋው። ደራሲዋ ጥፍሮቹን አየች። "ለማን ልበል?" አለችው።

"ለባለቤቴ" አለ። "ልብስ ሰፊ ናት።"

እሑድ ሚስቱ የተኩሱን ጠረጴዛ ስትዘረጋ እሱ ወንበሩን ሳበና መጽሐፉን ከመጀመሪያው ገጽ ገለጠ። "ላንብብልሽ?" አላት። "አንብብ" አለችው። ገዳዩ ማን እንደሆነ እስኪነግራት ትንሽ ጠበቀች፤ ሳይነግራት ሲቀር ካውያዋን አነሳች።

አነበበ። አንደኛው ምዕራፍ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ። አትክልተኛውን ጠረጠረ፤ ሦስተኛው ላይ አትክልተኛው ሞቶ ተገኘ። እንዲህ ይሆናል ብሎ አላሰበም ነበርና አፉን ከፍቶ ቀረ። ጉሮሮው ደርቆ ስለነበር መጽሐፉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ውኃ ለመጠጣት ብርጭቆውን አነሳ።

ካውያው ቆሟል። ሚስቱ አንድ እጅጌ የተተኮሰ ሸሚዝ እንደያዘች ታየዋለች።

"ከዚያስ?" አለችው።

ብርጭቆውን ሳይጠጣ መለሰው። ሃያ ሁለት ዓመት ሲተርክላት ይህን ቃል ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ምን ብላ ትጠይቀው? ገና ሳይጀምር ይነግራታል። በየእሑዱ አንድ አንድ እያለ ስንት መጽሐፍ ቀምቷታል፤ እነዚያ ሁለት መቶ ሰዎች አንድ ብቻ ነው የተቀሙት፣ ያኔም ጮኸዋል። እሷ "ወይ ጉድ" እያለች ሸሚዝ ስትተኩስ ኖረች።

"ስሚ" አላት። "ለካ እኔ አንቺን..."

"ይቅርታው ይቆይ" አለችው። "መጀመሪያ ማን እንደገደለው ልወቅ።"

እሱም አያውቅም ነበርና ገጹን ገለጠ።